የከተማ ዳር ምክር ቤቶች ስለ ቤት አሠራር የሚያወጡት ደንብ

በአሜሪካ አገር በየትልቁ ከተማ ዙሪያ ብዙ ትንንሽ ከተሞች ይገኛሉ። ከእነዚህም የሚበዙት ሕዝቡ የመረጠው የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ስለ ቤት አሠራር የምክር ቤቱ ዋና ሥራ ቤት መሥራት ሳይሆን መሬቱን መመደብ ነው፤ ይኸውም በዚህ ስፍራ መኖሪያ ቤት፥ በዚያ ስፍራ ሱቅ፥ በወዲያኛው ፋብሪካ ይሠራ ብሎ ይወስናል። ደግሞም የቦታውን ስፋትና የቤቱን ቁመት በልክ ያደርጋል። የአገሪቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦሃዮ ውስጥ ባለችው በዩክሊድ ከተማ ጉዳይ በ1926 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ይህን ሥልጣን አጸና።

የደንቡ ጥቅም ግልጽ ነው፤ የፋብሪካ ጢስ ሕፃናት ወደሚተኙበት ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። ነገር ግን ጉዳትም አለበት። ለከተማይቱ ትምህርት ቤት ከሚያስፈልገው ገንዘብ ትልቁ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከመሬትና ከቤት በሚሰበሰብ ግብር ስለሆነ፥ ምክር ቤቱ ግብሩ ጥቂት፥ ልጁ ግን ብዙ የሆነውን ድኻ ይፈራል። ስለዚህ ቤት ሁሉ በሰፊ ቦታ ላይ ለየብቻው እንዲሠራ ያዛል። ደንቡ ድኻ አይግባ አይልም፤ ዋጋው ግን ይከለክለዋል።

በኒው ጄርሲ ግዛት በማውንት ሎሬል የሆነው ይህ ነው። በዚያ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ የኖሩ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ለዶሮ ማርቢያ ተሠርቶ በነበረ ቤት ይኖሩ ነበር። ስለ እነርሱ 36 ቤቶች ለመሥራት ፈቃድ ቢጠየቅ ሹማምንቱ ከለከሉ። ወይዘሮ ኤተል ሎረንስና ጎረቤቶቻቸው በ1971 ዓ.ም. ከተማይቱን ከሰሱ። የግዛቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 ዓ.ም. ሲፈርድ፥ በማደግ ላይ ያለ ከተማ ሁሉ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሆን ቤት የሚሠራበትን መንገድ እንዲከፍት፥ ከአካባቢውም ችግር ድርሻውን እንዲሸከም አዘዘ። ከተሞቹ ትእዛዙን ስላዘገዩ በ1983 ዓ.ም. የበለጠ ጠንካራ ፍርድ ሰጠ።

ወይዘሮ ኤተል በ1994 ዓ.ም. ዐረፉ። በስማቸው በተጠሩት ቤቶች የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ2000 ዓ.ም. ነው፤ እርሳቸው ግን ይህን ለማየት አልደረሱም።

እንግዲህ የቦታን ስፋት የሚወስን ምክር ቤት በዚያች ከተማ ማን እንደሚኖርም ይወስናል። መልካም አስተዳደር የሚባለው፥ ቤት ያለውን ሰው ሲጠብቅ ቤት የሌለውንም የማይረሳ ነው።