ያውቁ ኖሯል? አንጀት ሲቆነጠር አያመውም፤ ሲወጠር ግን ያስጨንቃል

በቱቦ በሚደረግ የኢንዶስኮፒ ምርመራ ሐኪሙ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ግድግዳ ላይ ለናሙና ሥጋ ሲቆነጥር ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ አይታወቀውም። የውስጡ ሽፋን እንደ ቆዳ መቆረጥን አያስተውልም። የሚያሳምመው መወጠርና መጎተት ነው። በትልቁ አንጀት ምርመራ ጊዜ ቱቦው መታጠፊያ ላይ ሲጠመዘዝ አንጀቱን ከሆድ ዕቃ ጋር ያያዘውን ስስ ሽፋን ይጎትታል፤ ለማየት እንዲመች የሚገባው አየር ደግሞ ሆድን ይነፋል። ብዙ ሐኪሞች በአየር ፋንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመርጡት ለዚህ ነው፦ ጋዙ ወደ ደም ሰርጎ በትንፋሽ ስለሚወጣ መነፋቱ ቶሎ ይቀላል።

በአፍ የሚገባው ቱቦ ችግሩ ሕመም ሳይሆን ትውኪያ ትውኪያ ማሰኘቱ ነው፤ ለዚህም ጉሮሮን የሚያደነዝዝ ሊዶኬይን ይረጫል። በምግብ ቧንቧ ስለሚያልፍ ትንፋሽ አይዘጋም።

ይበልጥ የሚገርመው ግን የትዝታው ነገር ነው። ሐኪሙ ዶናልድ ሬደልማየር፣ ጆኤል ካትዝና የኖቤል ተሸላሚው ዳንኤል ካነማን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የትልቁ አንጀት ምርመራ የሚደረግላቸውን 682 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ምርመራው ካለቀ በኋላ የቱቦው ጫፍ ሳይንቀሳቀስ እስከ 3 ደቂቃ ፊንጢጣ ውስጥ እንዲቆይ ተደረገ። ደስ አይልም፣ ግን ብዙም አያምም። አስቀድሞ ቢጠየቅ ማን እሺ ይል ነበር? ሆኖም ምርመራው የረዘመባቸው ሰዎች በኋላ ሲጠየቁ ከሌሎቹ ያነሰ ሕመም አስታወሱ፤ ለቀጣይ ምርመራ የመመለስ ዕድላቸውም በመጠኑ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።