ቍጣ ሲመጣ ትንፋሽን ማስረዘም

አንድ ቀን በክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ቢያስቈጣን እጃችን ለመምታት ተነሣ። ልጁ ሲሸማቀቅ ባየን ጊዜ ግን አፈርን። ከዚያ ወዲህ የምናደርገውን ለወላጆች እንነግራለን።

በቍጣ ጊዜ ልብ ይፈጥናል፤ ትንፋሽም ያጥራል። ልብን ማዘዝ አንችልም፤ ትንፋሽን ግን እንችላለን። አየር ስናስገባ የልብ ምት ጥቂት ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። ስለዚህ በአፍንጫ አየር ስበን፥ በላዩም ጥቂት ጨምረን፥ በአፍ ቀስ እያልን እስኪያልቅ እናስወጣ፤ ሁለት ሦስት ጊዜም እንድገመው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፥ ይህንኑ በየቀኑ 5 ደቂቃ ለ28 ቀን የተለማመዱት ሰዎች ስሜታቸው ተሻሽሏል።

ከዚህ በኋላ ተግሣጽ የሚገባው ልጅ ይገሠጽ፤ ያን ጊዜ የሚናገረው ፍቅር እንጂ ቍጣ አይደለምና።