እበቱ ለምድጃ ወይስ ለማሳ?

የደጋው ገበሬ እህልንና ከብትን ለያይቶ አያውቅም። በሬው ያርሳል፤ ጭዱ በሬውን ይቀልባል፤ ፍጉ መሬቱን ይመልሳል። ደኑ ሲመናመን ግን ኩበት የማገዶን ቦታ ያዘና ዑደቱ ምድጃው ላይ ተቋረጠ። እበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይበናል። ፎስፈረሱና ፖታሽየሙ አመድ ውስጥ ቢቀሩም፣ አመዱ ጓሮ ይደፋል እንጂ ራቅ ወዳለው ማሳ አይሄድም።

መንግሥት ለመሬቱ መድከም የሰጠው የመጀመሪያ መልስ በከረጢት የሚመጣ ማዳበሪያ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ ከ1971 ጀምሮ ደግሞ ሚኒመም ፓኬጅ የተባለው ፕሮግራም፣ ማዳበሪያን ከምርጥ ዘር ጋር አስተዋወቁ። በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ፕሮግራም ይህንኑ መንገድ በሠርቶ ማሳያ አጠናከረ። ምርት ጨመረ፤ የእበቱ ጉዳይ ግን ለቤት እመቤቷ ተተወ።

ሁለተኛው መልስ በ1996 ከትግራይ መጣ። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ የመሩት ሥራ ኮምፖስትን ከልቅ ግጦሽ ቁጥጥርና ከእርከን ጋር አያያዘ። ከብቱ ሲታሰር ፍጉ አንድ ቦታ ይጠራቀማል፤ ሣሩም ያገግማል። ኮምፖስት ያገኙ ማሳዎች ምርትም በማዳበሪያ ከለሙት ጋር የሚወዳደር ሆነ።

ከ2009 ወዲህ የተስፋፋው ባዮጋዝ በምድጃና በማሳ መካከል ያለውን የእበት ሽሚያ ከሥሩ ሊፈታ የሚችል ነው፤ ጋዙ ያበስላል፣ የሚቀረው ዝቃጭም ንጥረ ነገሩን ይዞ ወደ ማሳ ይመለሳል። ግን አራት ያህል ከብትና የዘወትር ውሃ ይፈልጋል። በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዙር 14 ሺህ የባዮጋዝ ማብላያ ታቅዶ የተሠራው 8 ሺህ ያህል ነበር። ከብት የሌለውና ውሃ ከሩቅ የሚቀዳው ቤተሰብ ከጥቅሙ ውጭ ቀረ።

በ2022 የማዳበሪያ ዋጋ ሲንር ኮምፖስትና ቨርሚ ኮምፖስት (በትል የሚዘጋጅ ኮምፖስት) እንደገና የግብርና ባለሙያው ዋና ምክር ሆኑ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን በጉራጌና በሲዳማ የእንሰት ጓሮ ፍጉ ለዘመናት ያልተቋረጠው በምክር ብዛት አይደለም። በረቱና ተክሉ አጠገብ ለአጠገብ ስለሆኑ ፍጉን ማጓጓዝ አይከብድም፤ ዛፍም ከጓሮው አይጠፋም። በሜዳማው የጤፍና የስንዴ አገር ሁለቱም የሉም።

እንግዲህ የስድሳ ዓመቱ ልምድ የሚያሳየው፣ ለማሳው ፍግ የሚሻ ፕሮግራም ከማገዶ መጀመር እንዳለበት ነው፤ ከባሕር ዛፍ፣ ከማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ውሃ ባለበትም ከባዮጋዝ። ማገዶ ያላገኘችን እናት ኩበት አታንድጂ ማለት ራት አትሥሪ ከማለት አይለይም።