ግማሽ ሾፌር

«ራሱን ይነዳል» የሚባል መኪና ሁሉ ራሱን አይነዳም። ኤስኤኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ መኪኖች ከ0 እስከ 5 ደረጃ ተሰጥቷቸዋል። በደረጃ 0 ሥራው ሁሉ የሾፌሩ ነው። ደረጃ 1 መሪውን ወይም ፍጥነቱን ያግዛል፤ ደረጃ 2 ሁለቱንም ይይዛል። የቴስላው አውቶፓይለት ያለው እዚህ ላይ ነው። መሪው በራሱ ቢዞርም መንገዱን የመጠበቅ ግዴታው ከሰውየው አልወረደም።

አስቸጋሪው ደረጃም ይኸው ነው። መሪ የጨበጠ ሰው ይነቃል፤ «አንተ ዝም ብለህ ተመልከት» የተባለ ግን ሐሳቡ ይሸፍታል። ተመራማሪዋ ሊዛን ቤይንብሪጅ ገና በ1983 እንዳሳየችው፣ ማሽን ቀላሉን ሥራ ሲወስድ ለሰው የሚተርፈው ከባዱ ነው፤ ያውም እጁ ልምዱን ከረሳ በኋላ።

በማርች 2018 አሪዞና ውስጥ በቴምፒ ከተማ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምትሻገር ሴት ገጭቶ ገደለ። መርማሪዎች እንዳረጋገጡት መኪናው ሴትዮዋን ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አይቷት ነበር። ነገር ግን ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ ሰው ሊሻገር እንደሚችል ታስቦ አልተሠራም፤ ስለዚህ አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ ብስክሌት፣ አንዴ ያልታወቀ ነገር እያለ ሲያመነታ ሰዓቱ አለፈ። እንድትቆጣጠረው የተቀመጠችው ሠራተኛም ዓይኗ መንገዱ ላይ አልነበረም።

ደረጃ 3 በሰውና በመኪና መካከል ያለውን ውል ይለውጣል። ጀርመን በ2021 የፈቀደችው የመርሴዲስ ድራይቭ ፓይለት ሲጀመር በአውቶባህን (በጀርመን ፈጣን መንገድ) ላይ እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ ይሠራ ነበር። ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገድ ማንሳት ይችላል፤ መኪናው ሲጠራው ግን በ10 ሰከንድ ውስጥ መሪውን ካልተረከበ መኪናው ፍጥነቱን ቀንሶ ይቆማል።

በ2020 በፊኒክስ ከተማ ያለ ሾፌር ሕዝብ ማመላለስ የጀመረው ዌይሞ ደረጃ 4 ነው። ተሳፋሪው ምንም አይጠበቅበትም፤ መኪናው በበኩሉ ከተወሰነለት አካባቢ አይወጣም። ግራ ሲገባው በርቀት ያሉ ሠራተኞች ሐሳብ ያቀብሉታል። በየትኛውም መንገድና የአየር ሁኔታ ብቻውን የሚሄደው ደረጃ 5 እስካሁን ከወረቀት አልወረደም።

እንግዲህ ገዢ ሻጩን ሊጠይቀው የሚገባው መኪናው ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ ብቻ አይደለም። መኪናው ሲቸግረው ማንን ይጠራል፣ የሚጠራውስ ስንት ሰከንድ ሲቀረው ነው?