የኦቫሪ ዕጢ ምርመራ፦ «ፒ 53 ኔጌቲቭ» ሲባል ምን ማለት ነው?



ከእናቶቻችንና ከእህቶቻችን መካከል በኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል በሚያመነጨው አካል፣ ላይ በወጣ ዕጢ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው አሉ። ከዚያ በኋላ በሚመጣው የፓቶሎጂ ውጤት ላይ «ፒ 53» የሚል መስመር ሊኖር ይችላል። ቤተሰብ ወረቀቱን እየተቀባበለ ያያል፤ «ኔጌቲቭ» የሚል ቃል ከተገኘ «አልሐምዱሊላህ» ይባላል። አላህን ማመስገን ሁሌም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ምርመራ ኔጌቲቭ ማለት ብዙዎች እንደሚያስቡት የምስራች ላይሆን ይችላል።

ፒ 53 በሕዋሳታችን ውስጥ ያለ ጠባቂ ፕሮቲን ነው። የሕዋሱ ዘረመል ሲጎዳ መባዛቱን ያስቆማል፤ ጉዳቱ ካልተጠገነ ሕዋሱ እንዲሞት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲገኝ ተመራማሪዎች ካንሰር አምጪ መስሏቸው ነበር፤ ጠባቂነቱ የተረጋገጠው ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጤናማው ፒ 53 ቶሎ ስለሚፈርስ በሕዋሱ ውስጥ በጥቂቱ ብቻ ይገኛል። የተበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ሳይፈርስ ይከማቻል።

ምርመራው ይህንን ልዩነት በቀለም ያሳያል። ከዕጢው የተወሰደው ናሙና በፎርማሊን ይነከርና በሰም ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም ከፀጉር በብዙ እጥፍ በቀጠነ መጠን፣ በ3 ወይም 4 ማይክሮን ውፍረት፣ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ፒ 53ን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይጨመርበታል፤ የያዘበትን ቦታ ቡናማ የሚያደርግ ኬሚካል ይከተላል። የቀሩት ኒውክለሶች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ።

ጂኑ ካልተበላሸ ሕዋሳቱ ዝንጉርጉር ይሆናሉ፦ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ፈዘዝ፣ ሌላው ጭራሽ ያልቀለመ። ሁሉም ማለት ይቻላል ጥቁር ቡናማ ከሆኑ ጂኑ ተበላሽቷል። አንድም የዕጢው ሕዋስ ካልቀለመስ? ይህም የብልሽት ምልክት ነው፤ ጂኑ ከመጎዳቱ የተነሳ ፕሮቲኑን ማምረት አቁሟል ማለት ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ቀለሙ ከኒውክለሱ ውጭ ይታያል።

ቀለሙ የጠፋው በዕጢው ምክንያት ይሁን በላቦራቶሪው ስህተት በምን ይለያል? በዕጢው ዙሪያ ያሉት ጤናማ ሕዋሳት ምስክር ናቸው። እነሱ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ካሳዩ ውጤቱ ይታመናል። እነሱም ባዶ ከሆኑ ምርመራው መደገም አለበት። ናሙናው በጊዜው በበቂ ፎርማሊን ካልተነከረ እንዲህ ያለ ችግር ሊደርስ ይችላል። ናሙናውን ቤተሰብ ይዞት በሚሄድበት ጊዜ ዕቃው በደንብ መከደኑንና ፈሳሹ ናሙናውን መሸፈኑን ማየት ቀላል የማይባል ሰበብ ማድረስ ነው።

ይህ ሁሉ ለሕክምናው ምን ይጠቅማል? ሴረስ የሚባለው የኦቫሪ ካንሰር ሁለት ዓይነት ነው። በፍጥነት በሚያድገው ዓይነት የፒ 53 ጂን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የተበላሸ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት በ96 በመቶዎቹ ዕጢዎች ላይ አግኝቶታል። ቀስ ብሎ በሚያድገው ግን ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ነው። ፈጣኑ መጀመሪያ ላይ ለኬሞቴራፒ ጥሩ ምላሽ ይሰጣል፤ ዘገምተኛው ምላሹ ደካማ ስለሆነ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምናና በሆርሞን መድኃኒት ላይ የበለጠ ሊያተኩሩ ይችላሉ። ስሙ ከተሳሳተ እህታችን የማይጠቅማትን መድኃኒት ጉዳት ትሸከማለች። ፓቶሎጂስቱም በፒ 53 ብቻ አይወስንም፤ የሕዋሱን ቅርጽና ሌሎች ቀለሞችን አብሮ ያያል።

ሴት ልጆቿ «ይህ ነገር ወደ እኛም ይተላለፋል?» ብለው መጨነቃቸው አይቀርም። በዕጢው ውስጥ የታየው የፒ 53 ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ዕጢው ውስጥ የተፈጠረ እንጂ የተወረሰ አይደለም። ለውርስ የሚፈለጉት በዋናነት ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉት ጂኖች ናቸው፤ እነሱ በደም ወይም በምራቅ ለብቻቸው ይመረመራሉ።

ውጤቱ ግልጽ ካልሆነ ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። በሰም የተቀመጠው ናሙና ለዓመታት ሳይበላሽ ስለሚቆይ ለዚህ ሲባል ታማሚዋ እንደገና ቢላ ሥር መግባት የለባትም።