ባልትና ከገበያ እስከ ድስት፦ በርበሬና ቅመማ ቅመምን በቤት ውስጥ በጥንቃቄ ማዘጋጀት

በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ መከለሻና ንጥር ቅቤ የኢትዮጵያ ማዕድ መለያዎች ናቸው። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የዓመቱ በርበሬ በአንድ ወቅት ተሸምቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞና ተፈጭቶ ይቀመጣል። በመሆኑም በግዢ ወይም በዝግጅት ጊዜ የተፈጠረ አንድ ጉድለት በአንድ ቀን ወጥ ላይ ሳይወሰን ለወራት ከማዕድ ሊዘልቅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ቤተሰቦች ሊወስዷቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎችንና ጥርጣሬ ሲያጋጥም የሚቀርብበትን መንገድ ያብራራል።

ዋነኛው ስጋት ምንድን ነው?

በሚገባ ባልደረቀ በርበሬና ቅመም ላይ የሚያድጉ አንዳንድ የሻጋታ ዝርያዎች አፍላቶክሲን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። መርዙ ለረጅም ጊዜ ወደ ሰውነት ሲገባ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ አደጋው ይበልጥ ይከብዳል። አፍላቶክሲን በዓይን አይታይም፤ በማመስ፣ በመፍጨትም ሆነ በማብሰል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ የሻገተ ዛላን አጥቦ፣ በፀሐይ አድርቆ ወይም አምሶ ለመጠቀም መሞከር ለጤና አስተማማኝ አይደለም። ገንዘብ የወጣበትን መጣል ቢያስቆጭም ተገቢው እርምጃ ማስወገድ ነው።

ሲገዙ

በተቻለ መጠን ያልተፈጨውን ይምረጡ። የማረቆ፣ የሀላባ ወይም የቡሬ በርበሬ ቢሆን፣ በሚገባ የደረቀ ዛላ ሲነቀነቅ ፍሬው ይንኳኳል፤ ሲታጠፍም ይሰበራል። ዛላው ከለሰለሰ፣ ከከበደ ወይም ውስጡ ግራጫና ጥቁር ነጠብጣብ ከታየበት አይግዙት፤ ክብደት እንዲጨምር ውኃ የተረጨበት ሊሆን ይችላል። ኮረሪማን ከነቅርፊቱ፣ እርድን ከነሥሩ መግዛት መዓዛውን ከመጠበቁም በላይ ባዕድ ነገር ለመቀላቀል የሚኖረውን ዕድል ይቀንሳል።

የተፈጨ በርበሬ ከገዙ ጥቂቱን በብርጭቆ ውኃ ላይ መበተን ይቻላል። እንደ ሸክላ ዱቄት ያለ ከባድ ባዕድ ነገር ካለበት ፈጥኖ ከታች ይዘቅጣል። ይህ ዘዴ ጥርጣሬን ይጠቁማል እንጂ የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም።

ሲያዘጋጁ

በርበሬ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተደልዞ የሚቆይበት ጊዜ እርጥበት የሚበዛበት በመሆኑ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ፦

• እጅን፣ ሙቀጫንና የሚሰጣበትን ምንጣፍ አስቀድሞ ማጽዳት፤
• ዝናብ በማይጠበቅባቸው ቀናት መደለዝ፤
• ድልዙን በቀጥታ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ ንጹሕ ነገር ላይ በስሱ ማስጣትና ደጋግሞ ማገላበጥ፤
• ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ማስገባት፤
• ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላልና ሌሎች ቅመሞችን ለቅሞ፣ ሳያሳርሩ በመጠኑ ማመስ፤
• ከወፍጮ ቤት የመጣውን ትኩስ ዱቄት ሳይበርድ አለመክደን፤ ሙቀቱ በዕቃው ውስጥ እርጥበት ይፈጥራልና።

ሲያበስሉ

የቅመማ ቅመም መዓዛ የሚገኘው በሙቀት በቀላሉ ከሚተንኑ ዘይቶች ነው። እናቶቻችን መከለሻን ወጡ ሊወርድ ሲል የሚጨምሩበት ልማድ በዚህ ምክንያት ትክክለኛ ነው። በኮረሪማ፣ በቁንዶ በርበሬና በጥምዝ የተከለሰ ወጥ፣ እንዲሁም በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ጣዕሙ ሙሉ በመሆኑ ጨው ለመቀነስ ያግዛል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው ጨው ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ሚጥሚጣ ሲዘጋጅ የሚገባው ጨውም በዚሁ መጠን ውስጥ ሊታሰብ ይገባል።

ሲያስቀምጡ

በርበሬና ቅመምን በደረቅ፣ በሚገባ በሚከደንና ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ያስቀምጡ። ለዕለት ፍጆታ የሚሆነውን በትንሽ ዕቃ መለየት ዋናው ክምችት በየጊዜው እንዳይከፈት ይረዳል። እርጥብ ማንኪያ አይጠቀሙ፤ ዕቃውንም ከምድጃ እንፋሎት ያርቁ።

ጥርጣሬ ሲያጋጥም

ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ ለገበያ ማቅረብ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። የሚያጠራጥር ምርት ሲያጋጥምዎ መጠቀሙን ያቁሙ፤ ቀሪውን ከነማሸጊያው ለናሙና ያስቀምጡ፤ የተገዛበትን ቦታና ቀን፣ ካለም የምርቱን መለያ ቁጥርና ደረሰኙን ይያዙ። ጥቆማዎን በአቅራቢያዎ ለሚገኝ የጤና ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ወይም በነፃ የስልክ መስመር 8482 ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላሉ። በወቅቱ የሚደርስ ጥቆማ የእርስዎን ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ከዚያው መደብር የሚሸምቱ ጎረቤቶችዎንም ይጠብቃል።