ትንሿ መኪና በተሳቢ ውስጥ ወይስ በአራት ጎማዋ?

በአሜሪካ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስቶችና ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች የእነርሱን በጋ፣ የእኛን ክረምት፣ «ሞተርሆም» በሚሉት ቤት መኪና መጓዝ ይወዳሉ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያለው ሲሆን አንዳንዱ አውቶቡስ ያክላል። ልጆቹን ለመጠየቅ የሄደ አያትም አንድ ቀን «አባባ፣ በቤት መኪና እንሂድ» ሊባል ይችላል።

ይህ ትልቅ መኪና ማረፊያው ደርሶ ውኃና መብራት ከተቀጠለለት በኋላ ለዳቦ ወይም ለመድኃኒት ተብሎ አይነሳም። ስለዚህ ብዙዎች ትንሽ መኪና ከኋላ አስከትለው ይሄዳሉ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት አዛውንት፣ ሌሊት የሚያተኩሰው ሕፃን አብሮ ካለ ይህች መኪና ወደ ክሊኒክና ፋርማሲ መድረሻ ናት። (የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከሆነ ግን 911 መደወል ይቀድማል።) ጥያቄው እንዴት ትጎተት የሚለው ነው።

በአራት ጎማዋ መጎተት

በዚህ መንገድ የትንሿ መኪና አራቱም ጎማዎች መሬት ላይ ይሽከረከራሉ። ፊቷ ላይ በተገጠመ ብረት ከቤት መኪናው ጋር ትያያዛለች፣ የደኅንነት ሰንሰለት ወይም ገመድም ይታሰርላታል። የፍሬንና የፍሬቻ መብራቷ ከፊተኛው እኩል መብራት አለበት። ዕቃው አንዴ ከተገጠመ ማያያዙ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሁሉም መኪና ግን ለዚህ አይሆንም። ብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ዘይት የሚያዘዋውሩት ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። ሞተር ጠፍቶ ጎማ ለሰዓታት ሲዞር ካምቢዮው ደርቆ ይቃጠላል። ጂፕ ራንግለር በአምራቹ መመሪያ መሠረት መጎተት ስለሚችል ተወዳጅ ነው። ሆንዳ ሲአርቪ በፈረንጆች እስከ 2014 ሞዴል ድረስ ይፈቀድለት ነበር፤ ከ2015 ሞዴል ወዲህ ግን ካምቢዮው ስለተቀየረ አይፈቀድም። ስለዚህ ዳኛው የጎረቤት ምክር ሳይሆን የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው።

ሌላው ችግር ወደኋላ መሄድ አለመቻሉ ነው። መሪዋ ነፃ ስለሆነ ወደኋላ ሲገፏት የፊት ጎማዎቿ ይጣመማሉ፣ የመጎተቻው ብረትም ሊጎብጥ ይችላል። መውጫ የሌለው መንገድ ውስጥ የገባ ሾፌር መጀመሪያ ትንሿን መኪና መፍታት አለበት።

በዝግ ተሳቢ መጫን

ዝግ ተሳቢ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ሳጥን ነው። መኪናዋ ውስጡ ገብታ በጠንካራ ቀበቶ ትታሰራለች። የካምቢዮው ዓይነት አያሳስብም፣ ጠጠርና ዝናብ አይነካትም፣ የልጆች ብስክሌትም አብሮ ይጫናል። ጥንቃቄ ቢፈልግም ወደኋላ መሄድ ይቻላል።

ዋጋው ክብደቱ ነው። መኪና የሚይዝ ዝግ ተሳቢ ባዶውን ብዙ ጊዜ ከ1,100 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና ሲጨመርበት ድምሩ 2,600 ይሆናል። የብዙ ቤት መኪናዎች መጎተቻ የሚችለው ግን ወደ 2,270 ኪሎ ግራም ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በመጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ጭነቱ ወደኋላ ካደላ ተሳቢው መንገድ ላይ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው ከበረታ ፊተኛውንም ይዞ ሊገለበጥ ይችላል።

ለአዛውንት የትኛው ይቀላል?

ተሳቢውን መጫን መወጣጫ መዘርጋት፣ በጠባብ ቦታ ከመኪና መውጣት፣ ተንበርክኮ ቀበቶ ማጥበቅ ይጠይቃል። ጉልበቱን ወይም ወገቡን ለሚያመው፣ ሚዛኑን ለሚስት ሰው ይህ የመውደቅ አደጋ ነው። በአራት ጎማ መጎተት ለሰውነት ይቀላል፤ ጥንቃቄው ግን ከማስታወስ ላይ ነው። የእጅ ፍሬን ሳይለቀቅ ከተረሳ ጎማ ይቃጠላል። በሕክምና ሥራ ከባድ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ሰው እንደሚያረጋግጠው፣ እዚህም አንዱ ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው በእጁ እየነካ ይመልስ፤ ስልክ ይዘጋ።

በሁለቱም መንገድ የማይታለፉ

ከኋላ የሚጎተተው የራሱ ፍሬን ይኑረው። ሕጉ ከግዛት ግዛት ቢለያይም ቁልቁለት ላይ ከአንድ ቶን በላይ የሚገፋውን ክብደት የፊተኛው ፍሬን ብቻውን ማስቆም ይከብደዋል። የቤት መኪናው ኪራይ ከሆነ ውሉ መጎተት መፍቀዱን አስቀድማችሁ አንብቡ።

በሚጎተት መኪና ወይም ተሳቢ ውስጥ ሰው አይቀመጥ፣ የተኛ ሕፃን እንኳ ቢሆን። ልጆች በቤት መኪናው ውስጥም ቢሆኑ በቀበቶና በሕፃናት መቀመጫ ይታሰሩ፤ አልጋ ላይ መጫወት የሚቻለው መኪናው ሲቆም ነው። ማያያዝና መፍታት ሲጀመር አንድ ትልቅ ሰው ልጆቹን ከአካባቢው ያርቅ።

መድኃኒትም ከኋላ አይጫን። በአገልግሎት ላይ ያለ ኢንሱሊን በጥቅሉ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መቀመጥ የለበትም፤ በበጋ ፀሐይ የተዘጋ መኪና ደግሞ ከዚያ በብዙ ይሞቃል።

መኪናችሁን መመሪያው ከፈቀደላት በአራት ጎማዋ መጎተት ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል። ካልፈቀደ፣ ቤት መኪናው ክብደቱን ከቻለና የሚጭን ጎልማሳ ካለ ዝግ ተሳቢ ይሻላል። ሁለቱም ካልሆኑ ትንሿን መኪና ቤት ትቶ በመድረሻው መከራየት ይቻላል። ልጆቻችሁ ለጉዞ ሲጠሯችሁ «ከኋላ ያለው ስንት ይመዝናል? ፍሬንስ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ የአያት ወግ ነው።